ዘንድሮን ነው የምትገዙት ወይስ አስር ዓመት? ከፋንታሲ እስከ መካነ ሰላም ሜዳ

አርብ ማታ የፋንታሲ ቡድናችሁን ስትነካኩ የምታዩት አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ሳምንት ማን ነጥብ አመጣ? ሁለት ያገባ ይገባል፣ ሁለት ሳምንት የደረቀ ይወጣል። ጨዋታው ራሱ እንደዛ ነው የተሠራው። 15 ተጫዋች፣ 100 ሚሊዮን በጀት፣ ግንቦት ላይ ያልቃል፣ ነሐሴ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይሆናል ብሎ መጨነቅ አይጠይቅም።

እስኪ ደንቡን እንቀይረው። የያዛችሁት ተጫዋች በሚቀጥለው ዓመትም የእናንተ ነው ቢባልስ? ከዛ በኋላም? እስክትሸጡት ወይም ጫማ እስኪሰቅል ድረስ?

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል (ያ ሄልሜት አድርገው በእጅ የሚጫወቱት) እንዲህ አይነቱን ፋንታሲ "ዳይነስቲ" ይሉታል፤ ሥርወ መንግሥት እንደማለት ነው። ፋንትራክስ በሚባለው መተግበሪያ ላይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ይጫወቱታል። እዚህ ያመጣሁት ግን ጨዋታውን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ዳይነስቲ የሚያስጨንቀው ጥያቄ የኛ ክለቦች የማይጠይቁት ጥያቄ ስለሆነ ነው። የማይጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላና ከለጋምቦ ለሙከራ የሚሄድ ልጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

በዳይነስቲ ትልቁ ክርክር ኳርተርባክ የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ኳርተርባክ ከኋላ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰውዬ ነው፤ በኛ ቋንቋ አቀጣጣዩ በሉት። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ረኒንግ ባክ 27 እና 28 ላይ ሲደርስ ገበያው ይወርዳል፤ እንጀራው ጉልበትና ፍጥነት ነውና። ኳርተርባክ ግን አብዛኛው ሥራው በዓይንና በጭንቅላት ስለሆነ 35ን አልፎም ይጫወታል። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 በምልመላው 199ኛ ሆኖ የተመረጠ ሰው ነው፤ እስከ 45 ዓመቱ ተጫውቷል። ስለዚህ የ23 ዓመት ኳርተርባክ የያዘ ሰው የዘንድሮን ነጥብ አይደለም የገዛው፤ አስር፣ አስራ አምስት ዓመት ነው።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አስር ዓመት መግዛት ማለት ገና ያልታየ ነገር መግዛት ነው። ጆሽ አለን እ.ኤ.አ. በ2018 ለቡፋሎ ሲጀምር ከወረወራቸው ኳሶች ለጓደኛ የደረሱት 52.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዛ ዓመት ብቻ የመዘነው ሰው ሸጦታል። ክለቡ ግን ታገሰው፣ አወራወሩን አስተካከሉለት፣ በ2020 ስቴፎን ዲግስ የሚባል ምርጥ ተቀባይ ገዙለት። በ2024 የውድድር ዓመት የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። በተቃራኒው ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ትሬይ ላንስን ሦስተኛ አድርጎ ለመምረጥ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ከፈለ። ላንስ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሙሉ የተጫወተው አንድ የውድድር ዓመት ነበር። ለሳን ፍራንሲስኮ በቋሚነት የጀመረው አራት ጨዋታ ብቻ ሆነና ወደ ዳላስ ሄደ። ቦታውን የወሰደው ብሮክ ፐርዲ ነው፤ በ2022 ምልመላ 262ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ተመራጭ!

ከዚህ እኔ የምወስደው ይሄን ነው። ለረጅም ጊዜ የምትገዙት ከሆነ ከነጥቡ በፊት ዕድሜው ይታያል፣ ከዛ ምን ያህል ጨዋታ እንደታየ፣ ከዛ ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ። ነጥቡ አራተኛ ነው።

ወደምናውቀው እንመለስ። ሳላህ በ2024/25 በፋንታሲ 344 ነጥብ ሰበሰበ፤ በጨዋታው ታሪክ ማንም ያልደረሰበት ነው። 32 ዓመቱ ነበር። ለአንድ ዓመት ከሆነ ክርክር የለውም፣ ሳላህን ያልያዘ ከስሯል። ዳይነስቲ ቢሆን ግን? እኔ ኮል ፓልመርን ነበር የምይዘው። በ2023 ከሲቲ ወደ ቼልሲ ሲሄድ 21 ዓመቱ ነበር፤ በፋንታሲ ዋጋው 5 ሚሊዮን። ዓመቱን በ22 ጎልና 11 አሲስት ጨረሰ። ደግሞ ጨዋታው በሩጫ ላይ የቆመ አይደለም፤ ቆም ብሎ አይቶ ነው የሚያቀብለው። እንዲህ አይነት ተጫዋች ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ሞድሪች ባሎንዶር የወሰደው በ33 ዓመቱ መሆኑን አትርሱ። በእግር ኳስ ኳርተርባክ ፈልጉ ከተባላችሁ እነዚህ ናቸው፤ አማካዮች፣ የመሃል ተከላካዮች፣ በረኞች። በፍጥነቱ ብቻ የሚኖር የመስመር አጥቂ ረኒንግ ባክ ነው።

ቼልሲዎች በእውነተኛ ገንዘብ ዳይነስቲ የሚጫወቱ ናቸው (ደጋፊዎቹ አትቆጡ)። ሙድሪክን በጥር 2023 በስምንት ዓመት ተኩል ውል አመጡት። ፈጣን፣ ወጣት፣ ቪዲዮው የሚያምር፤ ግን በትልቅ ደረጃ ብዙ ያልታየ። ጎሉ አልመጣም፣ ከዛ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በዶፒንግ ምርመራ ውጤት ምክንያት በጊዜያዊነት መታገዱ ተሰማ። ውሉ ግን ረጅም ነው። ፓልመርና ሙድሪክ አንድ ክለብ ውስጥ፣ በአንድ ሐሳብ የተገዙ ናቸው። ረጅም ውል በራሱ ብልህነት አይደለም ማለት ነው፤ ብልህነቱ ማንን የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በ2013 ዓ.ም አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ያስመዘገበውን የ24 ጎል ሪከርድ ነው የሰበረው። 21 ዓመቱ ነበር። ያኔ የኢትዮጵያ ዳይነስቲ ቢኖር አንደኛ ምርጫ እሱ ነበር፣ የሚከራከርም አይኖርም። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው፤ ከዛ በኋላ ጉዳት ተደጋገመበትና በቋሚነት ሳናየው ዓመታት አለፉ። ይሄ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ የቡናም የሰንዳውንስም አይደለም። አጥቂ፣ ያውም በፍጥነትና በመጋጨት የሚጫወት አጥቂ፣ አደጋው ይሄው ነው። ከሱ ጋር ሽመልስ በቀለን አስቡት። ጎል አስቆጥሮ ሪከርድ አልሰበረም። ግን የሚጫወተው በእይታ ነው፣ ግብፅ ውስጥ ለፔትሮጀት፣ ለምስር ኤል ማቃሳ፣ ለኤል ጉና እያለ ለዓመታት ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል። የኛ ኳርተርባክ ማን ነው ብትሉኝ ሽመልስ ነው የምላችሁ።

የሀገር ውስጥ ክለቦቻችን እንዲህ ያስባሉ ወይ? ውሎቹን ተመልከቱ። በአብዛኛው የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ናቸው። በክረምቱ የዝውውር ዜና ስታነቡ ተመሳሳይ ስሞች ከክለብ ክለብ ሲዞሩ ታያላችሁ። በ2011 ዓ.ም ፌዴሬሽኑ የወር ደሞዝ ጣሪያ 50,000 ብር ብሎ ሲወስን ወሬው ሁሉ "በወር ስንት" ላይ ነበር፤ "ለስንት ዓመት" የሚለው አጀንዳ አልሆነም። ክለቡ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው የሚተዳደረው፣ አሰልጣኙ አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ ይባረራል። እንዲህ ያለ ሰው የ17 ዓመት ልጅ ለማሳደግ ትዕግሥቱ ከየት ይምጣ? ያው እንደኛ ፋንታሲ፣ ለዚህ ሳምንት ነው የሚያስበው።

ግን ክለቦቹ ነገ ተነስተው አስር ዓመት እንግዛ ቢሉም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ዕድሜ።

ግልጹን እናውራ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ልጅ ለሙከራ ሲሄድ ዕድሜ ይቀነሳል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ ማስመርመር የጀመረው ችግሩ የብዙ ሀገር ስለሆነ ነው። አሁን የሙከራውን ቀን አስቡት። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ ደሴ የደረሰ ልጅ አለ፣ እውነተኛ ዕድሜው 16። መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን አግኝቶ፣ የትራንስፖርት ብር ከቤተሰብ ለምኖ ነው የመጣው። ሜዳ ላይ አብሮት የሚሰለፈው በወረቀት 16፣ በእውነት 20 የሆነ ልጅ ነው። አሰልጣኙ አንድ ቀን ነው ያለው። ማን ይታየዋል? የገፋው፣ የቀደመው፣ በጭንቅላት የዘለለው። የ16 ዓመቱ ልጅ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ማየቱን፣ በሁለቱም እግሩ ማቀበሉን ማንም ልብ አይልም። ማታ ወደ ቦረና ይመለሳል።

የተመረጠውም አልተጠቀመም። በወረቀት 23 ሲሆን ጉልበቱ 27 ነው፤ ገና ያድጋል ተብሎ የተያዘው ሰውዬ ማደግ የሚችለውን አድጎ ጨርሷል። ክለቡ ኳርተርባክ የገዛ መስሎት ያለቀ ረኒንግ ባክ ነው የገዛው።

በርግጥ ሁሉም እያጭበረበረ አይደለም። በኛ ደጋ ብዙ ልጅ ቀኑ ተጽፎ አልተወለደም። እናት "በመስቀል ማግስት ነው" ትላለች፣ ዓመቱን ግን ማን ጻፈው? ወሎ ላይ ግን አንድ የምወደው ዘዴ አለ፣ ለአሰልጣኞች ይጠቅማል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፣ እንቁጣጣሽ ቦታውን አይለቅም። በሚሌኒየሙ እንቁጣጣሽ ማግስት ነው ረመዳን የገባው። በ2001 እና በ2002 እንቁጣጣሽ ጾሙ መሃል ዋለ። በ2003 ኢድና እንቁጣጣሽ ተጠጋግተው መጡ። አንዲት እናት "ጾም ላይ ነበርን፣ አበባ አየሽ ይጨፍሩ ነበር" ካለች ልጁ ዘንድሮ፣ በ2018፣ 17 ገደማ ነው። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ባለበት ሰፈር ይሄን የሚያስታውስ ጎረቤት አይጠፋም። ላይ የትምህርት ቤት መዝገብ ጨምሩበት፣ አንደኛ ክፍል መቼ እንደገባ። ኤም.አር.አይ አይደለም፣ ግን ከባዶ ግምት በጣም ይሻላል።

ይሄ መዝገብ ደግሞ ብር ነው፣ በቁም ነገር። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከሀገር ሀገር በክፍያ ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። አስሉት። መካነ ሰላም ላይ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ የተጫወተ ልጅ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ አራት ዓመት ያሳደገው ቡድን 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። በኋላ ደግሞ ድጋሚ ቢሸጥ፣ ድጋሚ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ይሄንን ገንዘብ የሚያሰላና የሚያስተላልፍ የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ የሚባል ተቋም ሥራ ጀምሯል።

ግን ገንዘቡ የሚሄደው ለተመዘገበ ክለብ ነው። ልጁ በፌዴሬሽን በኩል ቴሴራ ወጥቶለት፣ ከመቼ እስከ መቼ የት እንደነበረ ተጽፎ መገኘት አለበት። በየከተማው ያሉት የፕሮጀክት ቡድኖች፣ አሰልጣኙ በራሱ ኪስ ኳስ የሚገዛባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያላቸው የስም ዝርዝር በደብተር ነው። ልጁ ደሴ ከተማ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ገብቶ ሲፈርም ታሪኩ ከዛ ቀን ይጀምራል። ከዛ በፊት ያለው አራት ዓመት የማንም አይደለም። ዕድሜው ተቀንሶ ከሆነማ ሒሳቡ ራሱ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ክፍያው የሚቆጠረው በዕድሜ ነው።

የሙከራው ነገርም ብዙ ወጪ ሳያስፈልግ የሚቀየር ነው። የእንግሊዝ አካዳሚዎች ልጆችን በወረቀት ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ዕድገት ደረጃ ከፋፍለው የሚያጫውቱባቸው ውድድሮች አሏቸው፤ የገፋው ከገፋው፣ ገና ያልገፋው ካልገፋው። እዚህ ይሄ ቢደረግ ያ የ16 ዓመት ልጅ ቢያንስ አንድ ግማሽ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል። አሰልጣኙ ከአንድ ቀን ይልቅ ሦስት ቀን ቢያይ ደግሞ ከላንስ አይነት ስህተት ይተርፋል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። በዛ ሰሞን ተወልደው ወዲያው የተመዘገቡት ልጆች አሁን አስር ዓመት ሊሞላቸው ነው። 17 የሚሆኑት በ2025 ዓ.ም ነው። እስከዛ ድረስ ያለው ልጅ ሁሉ ዕድሜው ያለው እናቱ፣ ጎረቤቱና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ነው።