የጓሮ ቡና ጉንደላ መጋዙ ሲቆም አያበቃም

ከቡና አብቃይ ወረዳዎች የሚመጣልንን ሪፖርት ስናነብ ስንት ዛፍ እንደ ተጎነደለ እናገኛለን። ከተጎነደሉት ውስጥ ስንቱ በሦስተኛው ዓመት ፍሬ እንደ ሰጠ ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። በእኛ አስተያየት ሊቆጠር የሚገባው ይኸኛው ነው።

ቡና ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ዛፉ እያረጀ ሲሄድ ፍሬው ወደ ጫፍና ወደ ላይ ይሸሻል፤ ታችኛው ቅርንጫፍ ይራቆታል። ሥሩ ግን ገና ጉልበት አለው። ስለዚህም ጉቶው አዲስ ከተተከለ ችግኝ ቀድሞ ለምርት ይደርሳል። ይህን ገበሬው አያጣውም።

ታዲያ ለምን እሺ አይለንም? አንዲት እናት ከእንሰታቸው መሐል ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ እስከዚያ ጨውና ደብተር በምን ልግዛ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልስ አልነበረንም። ይዘን የሄድነው ምክር ጓሮውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጎንደል ነበርና። ሁለት ዓመት ያለ ለቀማ መቆየት ለሰፊ እርሻ ይቻል ይሆናል፤ ለጓሮ ቡና ግን ብድር ማለት ነው። ስለሆነም ጓሮውን በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ መጎንደል ይገባል፤ ኮታ ለመሙላት ሁሉንም መጣል ስሕተት ነው እንላለን። በተገለጠው ቦታ ላይ ቦሎቄ ቢዘራ ለቤቱም ለአፈሩም ይጠቅማል።

አቆራረጡ የታወቀ ነው፤ ለቀማ እንዳበቃ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት በሰያፍ፣ በመጋዝ። በገጀራ የተመታ ጉቶ ይሰነጠቃል።

ዋናው ድካም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል ጉቶው ዙሪያውን ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ሁሉም ከተተወ ሁሉም ቀጫጫ ይሆናል። ስንዝር ያህል ሲደርሱ ጠንካሮቹንና በተለያየ አቅጣጫ የወጡትን 2 ወይም 3 አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ነው። ቀንበጡ ዳግመኛ ስለሚያቆጠቁጥ በዚያው ዓመት ደጋግሞ መመለስ ያስፈልጋል። የልማት ሠራተኛው የሚጠፋው ግን በዚህ ጊዜ ነው። የክረምቱ መንገድ ጭቃ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ወድቀንበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የመጋዙ ንጽሕና ነው። ዛፉን ከነሥሩ የሚያደርቀው የቡና አድርቅ በሽታ በቁስል በኩል ይገባል። የታመመ ዛፍ የነካ መጋዝ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከቆረጠ፣ በሽታውን በገዛ እጃችን ተከልነው ማለት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዝ ገዝተው ለአባላት በተራ እንዲሰጡ እንደግፋለን፤ ነገር ግን ከመጋዙ ጋር የአልኮል ጠርሙስ አብሮ ይዙር፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲታለፍም ስለቱ ይወልወል። አለዚያ መጋዙ ባይገዛ ይሻላል። በዚህ በሽታ የደረቀ ዛፍ አይጎነደልም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ጉንደላ ዘሩን አይለውጥም። ፍሬው በየዓመቱ በቡና ፍሬ በሽታ እየጠቆረ የሚረግፍ ዛፍ ቢጎነደል የሚያበቅለው ያንኑ ነው። እንዲህ ያለውን በጅማና በኢሉባቦር አካባቢ በ1974 እ.ኤ.አ. ከተመረጡት በሽታ ተቋቋሚ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በ74110 ወይም በ74112 መተካት ነው። የመትከያው ጉድጓድ ታዲያ በበጋው ተቆፍሮ ይጠብቅ።