«በካርቱም የሚገኝ ታዋቂ ሆቴል»

ይድረስ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል፤

መጽሔታችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የመስቀለኛ ቃላቱን ገጽ ነው። ባለፈው እትም አግድም 7 ላይ ያወጣችሁትን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። «በካርቱም የሚገኝ ታዋቂ ሆቴል» ይላል፤ የተሰጠው ሣጥን አምስት ነው። አክሮፖል አምስት ፊደል ነው። ኮሪንቲያም አምስት ፊደል ነው። የቁልቁሉ ቃል ካልታደገው በቀር ካርቱምን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው እንኳ ቢገምት እንጂ በእርግጠኝነት አይሞላውም።

ሁለቱ ሆቴሎች ደግሞ የማይገናኙ ናቸው። አክሮፖልን እ.ኤ.አ. በ1952 የከፈተው የግሪክ ቤተሰብ ነው፤ እኛ «ሰባ ሰባት» በምንለው የረሃብ ዘመን የእርዳታ ሠራተኛውም ጋዜጠኛውም የሚያርፈው እዚያ ነበር። ኮሪንቲያ እ.ኤ.አ. በ2008 በሊቢያ ገንዘብ የተከፈተ ረጅም ሕንፃ ሲሆን፣ ከቅርጹ የተነሣ «የጋዳፊ እንቁላል» ይሉታል። ይህን የመሰለ ፍንጭ እያለ «ታዋቂ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ቦታ ይፈጃል እንዳትሉኝ፤ «የጋዳፊ እንቁላል» ከእናንተው ጥያቄ ያጥራል።

«የሚገኝ» የሚለውም አላስደሰተኝም። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ አክሮፖል ተዘግቷል፤ ባለቤቶቹም ከተማዋን ጥለው ወጥተዋል። የካርቱሙ የነዳጅ ኩባንያ ባለ መስታወት ፎቅም መስከረም 2016 ዓ.ም. በእሳት ጋይቷል። ስለ ካርቱም ሕንፃ የሚጠይቅ ሰው «የሚገኝ»ንና «የነበረ»ን ለይቶ ይጻፍ።

የካርቱም ቤተ መንግሥትማ ከሁሉም ይብሳል። «ጀኔራል ጎርዶን የተገደለበት ሕንፃ» የሚል ጥያቄ በየእንቆቅልሹ ይገጥመኛል። ጎርዶን እ.ኤ.አ. በ1885 የተገደለበት የቱርኮች ዘመን ቤት ፈርሷል፤ ኋላ የታወቀው ቤተ መንግሥት እንግሊዞች ከ1898 ወዲህ በዚያው ቦታ ያሠሩት ነው። በዚያ ላይ ቻይና ያሠራችው ሌላ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ከጎኑ ተመርቋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «በ2015 ካርቱም ምን ሆነ?» ብትሉ አንዱ ምርቃት ሌላው ጦርነት ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዓመት ስትጽፉ በማን አቆጣጠር እንደሆነ መናገር ግዴታችሁ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አፍሪካ አዳራሽ የተፈረመው በ1955 ነው ወይስ በ1963 እያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጣሉ ሰምቻለሁ፤ አቆጣጠሩን ቢናገሩ ገላጋይ ባላስፈለጋቸው ነበር።

አዳራሽ ካነሣን አይቀር «በቻይና ድጋፍ የተሠራ አዳራሽ» የምትለዋን ጥያቄም ተዉልን። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽም እኮ እንዲሁ ነው፤ በአህጉሩ ስንት ዋና ከተማ ይህን መልስ ይሞላ ይሆን? «እ.ኤ.አ. በ1976 በካርቱም፣ በእኛው ዓባይ ዳር የተከፈተ» ካላችሁ ግን ከወዳጅነት አዳራሽ ሌላ መልስ የለውም።

የምግብ ቤት ስም መጠየቁን ጭራሹን ብትተዉት እመርጣለሁ። ካርቱም ዴም ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶ ነበር፤ የየቤቱን ስም የሚያውቀው ግን ደንበኛው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሲቀየር ታፔላውም ይቀየራል። ለፈቺው ዕዳ፣ ለባለቤቱ ነጻ ማስታወቂያ። ይልቅ ምግቡን ጠይቁ፤ «ሱዳኖች ከእኛ እንጀራ ጋር የለመዱት ወጥ» ቢባል ዝግኒ ሦስቷን ሣጥን ይሞላል፤ ዴም የኖረውንም ሁሉ ምራቅ ያስውጣል።

ስለ ካርቱም የምታወጡትን ጥያቄ ከመታተሙ በፊት እዚያ ለኖረ ሰው አሳዩት። በመተማ በኩል የተመለሰው ብዙ ነው፤ ጎንደርም አዲስ አበባም ፈልጋችሁ አታጡትም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የዴም ሰፈር ነዋሪ፣ ከጎንደር