ስታንዳርድ የሚመዘነው በማሸነፉ ብቻ አይደለም

የኮምፒውተር ኔትወርክ የሚያጠና ተማሪ የኦኤስአይን ሰባት ንብርብሮች በቃሉ ይይዛል፤ በየዕለቱ የሚጠቀመው ግን ቲሲፒ/አይፒን ነው። ይህ አለመጣጣም የአንድ ረጅም ፉክክር ቅሪት ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የኦኤስአይን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1977 ጀምሮ ማጣቀሻ ሞዴሉን በ1984 አወጣ። በርካታ የአውሮፓ መንግሥታትና የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች ደገፉት። የአሜሪካ መንግሥትም ሳይቀር ከ1990 ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በግዥያቸው ኦኤስአይን እንዲጠይቁ አዘዘ። ይሁን እንጂ ቲሲፒ/አይፒ በ1983 መጀመሪያ የአርፓኔት መደበኛ ፕሮቶኮል ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በበርክሌይ በተሠራው ዩኒክስ አማካይነት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች መሰራጨት ጀመረ። ኮሚቴዎቹ ገና ሲመክሩ ተመራማሪዎቹ ተገናኝተው ነበር። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ የሆነው ጃኔት በ1991 የአይፒ አገልግሎት ጀመረ፤ የአሜሪካው ግዴታም በ1995 ቀረ።

ከዚህ ታሪክ የሚቀዳው የተለመደ ትምህርት «የሠራው የታዘዘውን አሸነፈ» የሚል ነው። ትምህርቱ እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው። በ1981 የወጣው የአይፒ አራተኛ እትም አድራሻ 32 ቢት ብቻ በመሆኑ ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጡ አድራሻዎችን ይሰጣል፤ የኦኤስአይ አድራሻ ግን እስከ 20 ባይት ይረዝማል። እርግጥ ነው፣ በተግባር ያልዋለ ሰፊ አድራሻ ለማንም አይጠቅምም፤ የ1981 ነዳፊዎችም ኔትወርኩ ዓለምን ያዳርሳል ብለው አላሰቡም። ዕዳው ግን አልተሰረዘም፤ ወደ ዘግይተው ገቢዎች ተላለፈ። ቀድመው የገቡ አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 16 ሚሊዮን ገደማ አድራሻ ይዘው ነበር። የአፍሪካ የአድራሻ መዝገብ የሆነው አፍሪኒክ ሙሉ እውቅና ያገኘው በ2005 ሲሆን፣ የዓለም ማዕከላዊ ክምችት ከስድስት ዓመት በኋላ ተሟጠጠ። ዘግይቶ የገባ አገልግሎት ሰጪ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ለማካፈል ይገደዳል።

ስለዚህ ማንኛውም ስታንዳርድ በሁለት ጥያቄዎች ሊመዘን ይገባል፤ ዛሬ ይሠራል ወይ? ገና ላልደረሱትስ ቦታ ትቷል ወይ? ኦኤስአይ በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ፤ አይፒ በሁለተኛው። ባለ 128 ቢቱ ስድስተኛ እትም ሁለተኛውን ጥያቄ ይመልሳል፤ መልሱ የሚጸናው ግን ተቋማት ሲጠቀሙበት ነው። ዘግይተው የገቡ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ እትም በመሻገር ቀዳሚ ሊሆኑ፣ ቀጣዩ ስታንዳርድ ሲነደፍም ከገበታው ሊቀርቡ ይገባል። ንድፉ ሲወሰን ያልተገኘ ወገን፣ ሌሎች በለኩት ልክ ለመኖር ይገደዳልና።