አምስት ቀን ወይስ አምስት ሳምንት?

የፊንጢጣ ካንሰር በቦታው ሥር ሰዶ፣ ግን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት ከተደረሰበት፣ ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረር ይሰጣል። አንዱ መንገድ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ አምስት ሳምንት ያህል ያመላልሳል፤ ሌላው በቀን 5 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እየተሰጠ በ5 ቀን ያልቃል። አጭሩን መንገድ ያስመሰከሩት ስዊድናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የተመለሰው ጨረር ከወሰዱት 11 በመቶው ላይ ሲሆን፣ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን 27 በመቶው ላይ ነበር።

ዛሬ ተመራማሪዎችን የያዛቸው ጨረሩ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ነው። ካንሰሩ ሲመታ ከሚሞቱት ሕዋሳት የሚወጣው ፍርስራሽ ቲ ሕዋሳት የተባሉትን ተከላካዮች ይቀሰቅሳል፤ ጠላታቸውን ለይተው እጢው ውስጥ ይገባሉ። ችግሩ፣ እነዚሁ ሕዋሳት ራሳቸው ለጨረር እጅግ ስስ ናቸው። በዳሌ በኩል የሚያልፈው ደምና የዳሌ አጥንት መቅኔ በየቀኑ ይመታሉ። ምልልሱ ሲበዛ የሚነካው ደምም ይበዛል።

በቻይና የተደረገው ዩኒየን የተባለ ጥናት አጭሩን ጨረር ለወሰዱት ከኬሞ ጋር መከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃ መድኃኒት ሰጣቸው። በቀዶ ሕክምና ከወጣው አንጀት ውስጥ አንድም የካንሰር ሕዋስ ያልተገኘባቸው 39.8 በመቶ ሆኑ፤ በረጅሙ ጨረርና በኬሞ ከታከሙት ግን 15.3 በመቶ ብቻ። ልዩነቱ የመድኃኒቱም ስለሆነ ሁሉንም ለጨረሩ ማጠር መስጠት አይገባም። ራፒዶ በተባለው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው በአጭሩ ወገን በዝተው ተገኝተዋል። ሐኪም ይህን ለታካሚው ሳይሸሽግ መንገር አለበት።

ያም ሆኖ ለእኛ አገር አጭሩን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ዛሬም ማሽኑ ከወረፋው ጋር አይመጣጠንም። ከአርባ ምንጭ የመጣ ገበሬ ከአስታማሚው ጋር አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ አምስት ሳምንት ሲቀመጥ፣ እርሻው ጦሙን ያድራል። እሱ 25 ጊዜ በሚተኛበት ማሽን በአጭሩ መንገድ አምስት ሰው ይታከማል።

መከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃው መድኃኒት ውድ ነው፤ ለአብዛኛው ታካሚያችን የሚደረስበት አይደለም። የደም ምርመራ ግን ለእያንዳንዱ ታካሚ ይደረጋል፤ የሊምፎሳይት (ቲ ሕዋሳት የሚገኙበት የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ቁጥር በውጤቱ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣል። ከጨረሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር መዝግቦ፣ አጭሩንና ረጅሙን የወሰዱትን ማነጻጸር በጥቁር አንበሳ ሊጀመር የሚችል ጥናት ነው።