የኦሊቬቲ ቁልፎችና የልጅ ልጆቻችን ጣቶች

በእኛ ዘመን መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው «ኦሊቬቲ» የሚለውን ስም አይረሳም። የዝውውር ደብዳቤውም፣ የወር ሪፖርቱም የሚመታው በጽሕፈት መኪና ነበር። የልጅ ልጆቻችን ስሙን እንኳ አያውቁም። ዛሬ ታሪኩን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም፤ ከስልካቸው ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ አለ።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1908 በሰሜን ጣሊያን፣ ኢቭሪያ ከተማ ያቋቋመው መሐንዲሱ ካሚሎ ኦሊቬቲ ነው። የመጀመሪያው የጽሕፈት መኪናው በ1911 ለሕዝብ ታየ። ልጁ አድሪያኖ ደግሞ ሥራውን አስፋፋ፤ በ1950 የወጣችው፣ በእጅ የምትያዘው «ሌቴራ 22» ዝናዋ ዓለምን ዞረ። እኔን እንደ ነርስ ደስ የሚለኝ ግን ለሠራተኞቹ ክሊኒክና የሕፃናት ማቆያ መሥራቱ፣ ለወላዶችም ረጅም ፈቃድ መስጠቱ ነው። በ1965 ድርጅቱ «ፕሮግራማ 101» የተባለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የሒሳብ ኮምፒውተር እስከ ማውጣት ደረሰ።

የአማርኛ ነገር ሲመጣ ግን ችግር ነበር። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋና ቧ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። የመኪናው ቁልፎች 50 እንኳ አይሞሉም፤ አንዱ ቁልፍም ከሁለት ምልክት በላይ አይሸከምም። መፍትሔው ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ፦ መሠረቱ በአንድ ምት፣ ቅጥያው በሌላ ምት። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ቀድመው ከደከሙት አንዱ ኢትዮጵያዊው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ታይፒስቶቻችን ለአንድ ፊደል ሁለቴ እየመቱ አገር ያቆመ ወረቀት ጻፉ፤ ቅጥያው ግን አንዳንዴ ከአካሉ ተለይቶ ይቆም ነበር።

ኮምፒውተር ይህን ፈታው። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ብረቱን ወረቀት ላይ ይመታል፤ የኪቦርድ ቁልፍ ግን እንደ መብራት ማብሪያ ስዊች ነው፤ ምልክት ብቻ ይልካል፣ ፊደሉን የሚሥለው ፕሮግራሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ዛሬ ማክሰኝት ገበያ የዋለች እናት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሙሉውን ፊደል ይጽፋል።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ? በላቲን ብዙዎች ጠንም ተንም በአንድ ፊደል ነው የሚጽፉት። ሕፃኑን ለአያቱ ትታ ጎንደር የሄደች እናት «ልጁ ተፋ» የሚል መልእክት ሲደርሳት «ልጁ ጠፋ» ብላ ብታነብ ምን ይውጣታል? «መድኃኒቱን ተፋ» የሚለውም ቀልድ አይደለም። መድኃኒቱን የተፋ ልጅ ይደገምለት ወይስ አይደገምለት የሚለው የጤና ባለሙያ የሚጠየቅበት ነገር ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ መልእክቱ በትክክል መነበብ አለበት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። የስልኩን ሴቲንግ ይክፈት፤ ቋንቋ ከሚለው ገብቶ የአማርኛ ኪቦርድ ይጨምር። እሱ ስልኩን ያውቃል፣ እናንተ ፊደሉን ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ የቤተሰቡን ስም፣ ቀጥሎ የሚወስዳችሁን መድኃኒት ሰዓት አብራችሁ ጻፉ። ሩብ ሰዓት ይበቃል።