ትልቅ ሀብት ከወዴት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አቆየን። ነገሩም «ባለጸጋ ሰው በምን ባለጸጋ ሆነ?» የሚል ነበር። አንዱ ጓደኛችን «በሥራና በቁጠባ ነዋ! ደሃም ደሃ የሆነው ስለማይሠራ ነው» ብሎ በቆረጠ ቃል ሲናገር ብዙዎቻችን ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። መብራት ጠፍቶ ከተጋደምሁ በኋላ ግን አባቴ ትዝ አለኝና በራሴ አፈርሁ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ጎሕ ሲቀድ እግሩን ከጉድጓዱ ሰዶ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ድሩን ከማጉ መለየት እስኪያቅተው ድረስ መወርወሪያውን ከእጁ አያኖርም። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ቀሰም ማጠንጠን የተማርሁ ልጅ ነኝ። አባቴ አይጠጣም፤ አያባክንም። እንዲህ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶ ያፈራው ሀብት ቢቆጠር የወገብ ሕመምና እኛ ልጆቹ ነን። ሀብት ከሥራና ከቁጠባ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አባቴ ዛሬ ባለ ፎቅ በሆነ ነበር። እርሱ የሠራውን ባለ ጥለት ነጠላ ባለሱቁ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጠው ቆሜ አይቻለሁ። ባለሱቁ ሌባ አይደለም፤ እርሱም ማልዶ ይነሣል፤ ነገር ግን ሱቁ የእርሱ ነው።

ክርክሩ በስሜት ብቻ እንዳይቀር የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ እንመርምር። ሥራን የሚያወድሱ ሰዎች ዘወትር ከሚጠቅሷቸው አንዱ አንድሩ ካርኔጊ ነው፤ የእርሱም አባት እንደ እኔ አባት ሸማኔ ነበር። (ስለ እርሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ ደንፈርምሊን በተባለ ከተማ ተወለደ። በእንፋሎት የሚሠራ የሽመና መኪና መጥቶ የእጅ ሸማኔዎችን እንጀራ ሲያሳጣ፥ ቤተሰቡ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁም በአንድ የጥጥ ፋብሪካ ቀሰም አመላላሽ ሆኖ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተቀጠረ። ከዚያ የቴሌግራም መልእክተኛ፥ ቀጥሎም የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ በ1853 ደግሞ በፔንሲልቫንያ የባቡር ኩባንያ ውስጥ ቶማስ ስኮት ለሚባል ሹም ሊሠራ ገባ። ትጋቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ እስከዚህ ድረስ ትጉህ ደመወዝተኛ እንጂ ባለጸጋ አልነበረም።

መንገዱ የተለወጠው በ1856 ነው። በአለቃው ምክርና ድጋፍ፥ በብድር ገንዘብ፥ የአንድ ዕቃ አመላላሽ ኩባንያ 10 አክሲዮን ገዛ። ጥቂት ቆይቶ የትርፍ ድርሻ 10 ዶላር ደረሰው። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህ ያለ ግንባሩ ላብ ያገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። እነሆ፥ ቁልፉ ይህ ነው! ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚሠራለት እጁ ብቻ አልነበረም።

በ1875 በፒትስበርግ አጠገብ በብራዶክ ትልቅ የአረብ ብረት ፋብሪካ ተከፈተለት። ፋብሪካውንም በኤድጋር ቶምሰን ስም ጠራው፤ ቶምሰን የፔንሲልቫንያ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ኩባንያውም ሐዲድ ገዢ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በ1870 ባወጣው ሕግ ከውጭ አገር በሚገባ የአረብ ብረት ሐዲድ ላይ በቶን 28 ዶላር ቀረጥ ስለጣለ የእንግሊዝ ሐዲድ በርካሽ ገብቶ ሊወዳደረው አልቻለም። እውነቱን ለመናገር የራሱም ብልሃት ነበረበት፤ የእያንዳንዱን ቶን ወጪ በሳንቲም ያስቆጥር ነበር፤ የተሻለ መኪና በተገኘ ጊዜ ገና ያልረጀውን አውጥቶ ይጥል ነበር።

ግን እቶኑ ፊት የቆመው ማን ነበር? በቀን 12 ሰዓት የሚሠራው ሠራተኛ ነው። በ1892 በሆምስቴድ ፋብሪካ የደመወዝ ጠብ ሲነሣ ካርኔጊ በስኮትላንድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሄንሪ ፍሪክ የፋብሪካውን በር በሠራተኞቹ ላይ ዘጋ፤ 300 ያህል ቅጥር ዘበኞችም በወንዝ አስመጣ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ የሠራተኞቹም ማኅበር ተሰበረ። በ1901 ካርኔጊ ኩባንያውን ለጄ. ፒ. ሞርጋን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በኋላም ገንዘቡን ለበጎ ሥራ አውሎ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን 12 ሰዓት ከእሳት ጋር ሲታገል የዋለ ሰው መጽሐፉን በየትኛው ሰዓት ያንብበው?

እንግዲህ ነገሩን አጥብቀን ብንመረምረው ትልቅ ሀብት የሚመጣው የብዙ ሰዎች ላብ የሚፈስበትን ነገር የራስ ከማድረግ ነው፤ የሚያበድርና በር የሚከፍት ወዳጅ ከማግኘት ነው፤ የሚደግፍ ሕግም ከማግኘት ነው። ሥራ በዚህ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ግን የባለጸጋው ሥራ ብቻ አይደለም።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ነው የሚል ቢኖር ወደ አገሩ ይመለስ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በብዙው የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ካመረተው እህል ሢሶውን፥ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ባለመሬቱ የከበረው ሞፈር ጨብጦ አልነበረም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሄዱ የጠየቁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ሆኖም ገበሬው ባለጸጋ አልሆነም፤ ጥቂት ቆይቶ እህሉን በኮታ፥ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ከዚህ የምንማረው ጌታ መለወጡ ብቻ እንደማይበቃ ነው። መሬቱን፥ ገበያውንና ዋጋውን የያዘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ዘወትር ያስፈልጋል።

«ታዲያ መክበር ኃጢአት ነው ልትለን ነው?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። አይደለም። አዲስ ሐሳብ ያመነጨና ገንዘቡን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ዋጋውን ቢያገኝ አልቃወምም። የምቃወመው የባለጸጋውን ሀብት ሁሉ በትጋቱ፥ የደሃውን ድህነት ሁሉ በስንፍናው የሚተረጉመውን ሚዛን ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን አባቴን ሰነፍ ይለዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኛስ ብንሆን ማን ነን? የምንቀበለው ዲግሪ በሌላ ሰው ላብ የተገዛ አክሲዮን አይደለምን? የእኔን የገዛው የአባቴ መወርወሪያና ስሙን የማላውቀው ግብር ከፋይ ነው። ትርፉን ብቻችንን ከበላነው ከማንም ባለመሬት አንሻልም።

የአባቴ ጎረቤቶች የሆኑ ሸማኔዎች ገንዘብ አዋጥተው የጋራ ሱቅ ለመከራየት ካሰቡ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ያቆማቸውም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ የሚይዝና የመተዳደሪያ ደንብ የሚጽፍ ሰው ማጣት ነው። በመጪው ክረምት መዝገቡን እኔ ልይዝላቸው ለአባቴ ቃል ሰጥቻለሁ። ደንቡን የሚያርም አንድ የሕግ ተማሪ እፈልጋለሁ፤ የሚያማክረን መምህር ቢገኝም ደስታችን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ለዘመናት ያበሩት ሸማኔዎች ግን እስከ ዛሬ ሱቅ የላቸውም።