እንዶዱ በደጅ፣ ላብራቶሪው በቁልፍ!

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል የሀገሬ ሰው። እኛ እንዲያውም ከመዳብም አልቆጠርነው!

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ወረታን ታገኛላችሁ። ዙሪያዋ ፎገራ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይለብሳል፤ ገበሬውም እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሩዙን ያርማል። ሩዙ እሰየው ነው፤ ብዙ ቤት አቅንቷል። ነገር ግን ውሃ ባለበት የወባ ትንኝም፣ ቢልሃርዚያ ተሸካሚው ቀንድ አውጣም አይጠፋም። የዚህ አገር ልጅ ሁለቱንም በሽታ የሚያውቃቸው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ሰውነቱ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ ማን ያሳየዋል? ማንም!

እኔ ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት በዚሁ አካባቢ፣ በፕላዝማ ዘመን ነው። መምህሩ ቴሌቪዥን ውስጥ ሆኖ አሲዱን ይቀዳል፣ ቀለሙ ሲለወጥ ያሳየናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እኛ እስክናስብ ራሱ መልሶ ያልፋል። መብራት ከሄደ ደግሞ ኬሚስትሪውም አብሮ ይሄዳል። ላብራቶሪ አልነበረም እንዳልል ነበረ። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ነው! አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ አንዲት ቴስት ቲዩብ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ጉድ በል ጎንደር!

አሁን ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ዳራፕሪም የሚባለውን መድኃኒት የአንዲቱን እንክብል ዋጋ ከ13.50 ዶላር ወደ 750 ዶላር ሰቀለው። ዓለም ጮኸ። በዓመቱ፣ በ2016፣ አውስትራሊያ ውስጥ የሲድኒ ግራመር ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እያማከሯቸው የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር በትምህርት ቤታቸው ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተው አወጡት። 3.7 ግራም! ወጪያቸው 20 ዶላር ገደማ ነበር። የንጥረ ነገሩ ስም ፒሪሜታሚን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በ2004 ኮአርተም እስኪተካው ድረስ ለወባ ስንውጠው የነበረው ፋንሲዳር ከተሠራባቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ እሱው ነው። እኛ የዋጥነውን የሲድኒ ልጆች ሠሩት።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ የሀብታሙን እንተወውና የራሳችንን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ያን ወንዝ ስንት ሰው በየቀኑ ይሻገረው ነበር! እሳቸው ግን ቆመው «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ከዚያች ጥያቄ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድል የሀገር በቀል ምርምር ተወለደ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የጥያቄው መነሻ ውድ መሣሪያ ሳይሆን የሚያይ ዓይን ነበር።

ያው እንዶድ ዛሬ ለወረታ ተማሪ ብርቅ አይደለም። ፍሬውን ወቅጦ በውሃ መበጥበጥ ምን ያህል ያስወጣል? የሚደፍቀው አረፋ ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ምልክት ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ደካማውን ሳፖኒን ወደ ገዳዩ ይለውጠዋል። ኤንዛይም ደግሞ ሙቀት አይችልም። እንግዲያው አንዱን ማሰሮ በጥሬው ከተወቀጠው፣ ሌላውን አስቀድሞ ከተቀቀለው ፍሬ አዘጋጅቶ የትኛው ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ልጁ ራሱ ይቁጠር፣ ይመዝግብ፣ ይከራከር። የመድኃኒት ኬሚስትሪ ሀ ሁ ይኸው ነው።

«ልጆች መድኃኒት ቀምመው ሰው ይፈጁብናል» የሚለው ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም። እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ዓሣም ይፈጃል። ስለዚህ የሙከራው ውሃ ርብ ውስጥ አይደፋም፤ ከወንዝ የተለቀመ ቀንድ አውጣ በባዶ እጅ አይነካም፤ የተሠራው ነገር ወደ ማንም አፍ አይገባም። የሲድኒዎቹም የሠሩትን ለበሽተኛ አልሰጡም። እንዲያውም የቅጠልና የሥር መድኃኒት በዘፈቀደ በሚጠጣበት አገር መጠንና መርዝ ምን እንደሆኑ በእጁ የተማረ ልጅ ቤተሰቡን ያድናል።

መቼም ይህን ስጽፍ የክልሉን ሁኔታ ዘንግቼው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሳው ጦርነት ስንቱ ትምህርት ቤት በሩን ዘግቶ ከርሟል። መማር ራሱ ብርቅ በሆነበት ስለ ላብራቶሪ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበረ አንርሳ። ያ ውጤት የአንድ ክልል ወይም የአንድ ጦርነት ጉዳይ አይደለም። ሽምደዳ የትም እንዳላደረሰን የተነገረበት መርዶ ነው። ፈተናው ፊደል ከማጥቆር አልፎ እጅ የሚሠራውን እስካልጠየቀ ድረስ የላብራቶሪውን ቁልፍ ማን ይፈልገዋል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ፤ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ከነዚህ መካከል አንዱ እንኳ በወር አንድ ቅዳሜ ለአካባቢው ተማሪዎች በሩን ቢከፍት ምን ይጎድልበታል? ትምህርት ቢሮውስ ለተግባር ሥራ ነጥብ ቢመድብለት? ቢያንስ ቢያንስ ቁልፉን ከንብረት ክፍል አውጥቶ ለኬሚስትሪ መምህሩ ለመስጠት በጀት አያስፈልግም!

አክሊሉን የሚተካ ልጅ ምናልባት ዛሬ ፎገራ ሜዳ ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሩዝ እያረመ ይሆናል። እንዶዱን ያውቀዋል፤ በሽታውንም ያውቀዋል። የጎደለው የሚከፈት በር ብቻ ነው።

ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?